ቁጥር 13 እና ቁጥር 10

ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ ከዚያ ወጥቶ ሳነቴን አቋርጦ፣ ደሎ መናን አልፎ ወደ እኛ ወደ ብድሬ የሚወርድ ደብዳቤ ቅርጹ አንድ ነበር። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ቀጥሎ የተቀባዩ ስም፣ «ጉዳዩ፡» ተብሎ ከሥሩ የተሰመረበት አንድ መስመር፣ ከዚያ ሐተታው፤ በመጨረሻ ግልባጭ የሚደርሳቸው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሐተታውን አያነብም፤ ደብዳቤውን የሚመራው በእነዚያ አጫጭር መስመሮች ነው። «ግልባጭ፡» የሚል መስመር ካየ ግልባጩን ይልካል። መስመሩን ማን እንደጨመረው መጠየቅ ሥራው አይደለም።

እኔ ሮቤ ውስጥ ሰርቨር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ የምጠግነውም ከዚያ መዝገብ ቤት ብዙ የማይርቅ ነገር ነው። ብራውዘርና ዌብ ሰርቨር ሲነጋገሩ በመጀመሪያ የሚላላኩት ሄደር የሚባሉ አጫጭር መስመሮችን ነው፦ የገጹ ዓይነት፣ ቋንቋው፣ ኩኪው፣ «ወደዚህ አድራሻ ሂድ» የሚለው ትእዛዝ። ከዚያ አንድ ባዶ መስመር ይመጣል፣ ከባዶው መስመር በታች ሐተታው። የአንድ መስመር ማለቂያ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች ናቸው፤ ቁጥራቸው 13 እና 10። ተጠቃሚው ስሙን ጻፍ ሲባል ከስሙ ኋላ 13ን እና 10ን አስከትሎ አዲስ መስመር ቢጨምርና ፕሮግራሙ ሳያጣራ ወደ ሄደሩ ቢከተው፣ ተቀባዩ ያንን መስመር ሰርቨሩ ራሱ እንደጻፈው ይቆጥረዋል። ሄደር ኢንጀክሽን የምንለው የደኅንነት ክፍተት ይኸው ነው።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከየት መጡ? ጎባ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን በታይፒስትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት የጽሕፈት መኪናቸውን ሳይጥሉ አስቀምጠዋል። «እትዬ፣ እስኪ መስመር ይቀይሩልኝ» ስላቸው በግራ በኩል ያለውን ዘንግ በመዳፋቸው ገፉት። ዘንጉ መጀመሪያ ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ አደረገ፣ ወዲያው ሠረገላውን ወደ መነሻው መለሰው። «ሁለት ሥራ ነው፣ እጅ ግን አንድ ነው የሚያውቀው» አሉኝ።

ቴሌግራፍ ግን እጅ የለውም። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በ1874 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በአምስት ምት 32 ጥምረት ብቻ የሚሰጥ የቴሌግራፍ ኮድ አስመዘገበ። በ1901 ገደማ ኒውዚላንዳዊው ዶናልድ መሬይ ኮዱን ሲያሻሽል ከፊደላቱ መካከል ፊደል ያልሆኑ ሁለት ምልክቶች አስገባ፤ አንዱ ሠረገላውን የሚመልስ፣ ሌላው ወረቀቱን ከፍ የሚያደርግ። ታሪኩ የሚጠመዘዘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው የተጻፈው ቃልና ለመኪናው የተሰጠው ትእዛዝ በአንድ ሽቦ፣ በአንድ ሰልፍ መጓዝ ጀመሩ።

በእኛ አገር ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ከ200 በላይ ፊደል በጥቂት ቁልፍ ላይ እንዴት ይሰፍራል? ኢንጂነር አያና ብሩ በጽሕፈት መኪና ላይ የደከሙት በዚህ ነው፤ በአማርኛ መኪና ላይ መሠረቱን አንድ ቁልፍ፣ ቅጥያውን ሌላ ቁልፍ እየመታ ፊደሉ ይገጣጠማል። በኋላ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሠሩ። ፊደላችን እስከዚያ መኪና ድረስ ብዙ ተንገላቷል፤ ሠረገላ መላሹና ወረቀት ገፊው ግን ቀድመው ቦታቸውን ይዘው ጠብቀውታል።

በ1963 አስኪ የተባለው ኮድ ሲወጣ ሠረገላ መላሹ 13፣ ወረቀት ገፊው 10 ሆኑ። በዚያው ዓመት የወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በሰከንድ 10 ፊደል ያትም ነበር። ማተሚያው ከቀኝ ጠርዝ ወደ ግራ ለመመለስ ከአንድ ፊደል ጊዜ በላይ ይፈጅበታል፤ በመንገድ ላይ ሳለ ፊደል ከደረሰው መሀል ገጹ ላይ ያጨማልቀዋል። ስለዚህ 13 ይቀድማል፣ 10 ይከተላል፣ በዚያች ፋታ ማተሚያው ቤቱ ይገባል። ቴሌታይፑ ሙዚየም ገባ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ሳይለወጥ ቆየ። በ1982 የኢሜይል ደንብ ተቀበለው፣ በ1996 የወጣው፣ ብራውዘርና ዌብ ሰርቨር የሚነጋገሩበት የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድም ከኢሜይል ወረሰው።

የሄደር ኢንጀክሽን አደጋ ጎልቶ ስም ያገኘው በ2004 ነው። የደኅንነት ተመራማሪው አሚት ክላይን በሁለቱ ምልክቶች የሰርቨርን አንድ መልስ ለሁለት መሰንጠቅ እንደሚቻል ጽፎ አሳየ፤ ሁለተኛውን መልስ የሚጽፈው አጥቂው ነው። መሀል ላይ ገጾችን የሚያስቀምጥ ፕሮክሲ ካለ ሐሰተኛውን ገጽ ይይዝና ለሁሉም ያድላል። የኢንተርኔት መስመር ጠባብ በሆነበት አገር እንዲህ ያለው ፕሮክሲ ቅንጦት አልነበረምና ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አልነበረም። የ«አስተያየት ይላኩ» ቅጾች ደግሞ የባሰ ቀላል ነበሩ፤ በርዕሱ ሣጥን ውስጥ የግልባጭ መስመር የጨመረ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር የማስታወቂያ ፖስተኛ ያደርገዋል። ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ2006 መጀመሪያ ላይ በአንድ ጥሪ ከአንድ በላይ ሄደር እንዳይላክ ከለከለ። አፓቼ በተባለው ዌብ ሰርቨር በኩል፣ ለየተጠቃሚው የግል ገጽ በሚሰጠው ሞጁል የነበረው ቀዳዳ የተደፈነው በታኅሣሥ 2016 በወጣው 2.4.25 ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ለመምህራን ሲሰጥ የኖረ ዩኒቨርሲቲ ስንት እንደሆነ አስቡት።

እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን ሰርቨር በሚሠራበት በኖድ ጄኤስ (ባጭሩ ኖድ) ላይ የተገኘው የ2018ቱ ክፍተት ነው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ የመጀመሪያው «ሀ» የተሰጠው ቁጥር 4608 ነው፤ 256 ሲባዛ በ18 ማለት ነው። አሮጌዎቹ ኖዶች ሐተታ የሌለውን ጥያቄ ሲልኩ፣ እያንዳንዱን ፊደል ወደ አንድ ባይት ለማጥበብ፣ ከእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር 256ቱን እየነቀሱ ትርፉን ብቻ ይጽፉ ነበር። በጣቴ ቆጠርኩ። «ሊ» 4618 ነው፤ ትርፉ 10። «ል» 4621 ነው፤ ትርፉ 13። ባዶ ቦታ 32 ሲሆን እሱም «ሠ» ሆኖ ተገኘ፣ 4640። ኖድ 8 የነበረበትን ያረጀ የሙከራ ኮምፒውተር አስነስቼ በጥያቄው አድራሻ ውስጥ «ልሊ» ብዬ አስገባሁ። ማጣሪያው ሁለት ምስኪን የአማርኛ ፊደላት አይቶ አሳለፋቸው፤ ከሽቦው ወዲያ ማዶ አዲስ መስመር ተከፈተ። ክፍተቱ በኅዳር 2018 በወጡት 6.15.0 እና 8.14.0 ተዘግቷል፤ ኖድ 10 አስቀድሞም አላሳለፋቸውም። አያና ብሩ በቁልፍ እጥረት የተጨነቁበት ፊደል፣ ወደ ባይት ሲጠብ ራሱ ሠረገላ መላሽ ሆኖ ቁጭ አለ።

አሁን የተሻለ መንገድ አለ። በ2015 የጸደቀው ኤችቲቲፒ 2 የመስመር ማለቂያ አይፈልግም፤ እያንዳንዱ ሄደር ርዝመቱን አስቀድሞ ይናገራል። ይሁንና ከፊት ያለው ሰርቨር በአዲሱ ተቀብሎ ለኋለኛው በአሮጌው ከተረጎመለት 13 እና 10 እንደገና ትእዛዝ ይሆናሉ፤ የደኅንነት ተመራማሪው ጄምስ ኬትል በ2021 ይህንኑ አሳይቷል። በ2022 የታደሰው የኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ ብቻውን የመጣ 13 ውድቅ ይሁን ወይም በባዶ ቦታ ይተካ ይላል። ብቻውን ለመጣ 10 ግን ተቀባዩ ከፈለገ እንደ መስመር ማለቂያ ሊወስደው ይችላል ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል። እኔ በምጠግናቸው ላይ ዘግቼዋለሁ።