ስለ ሃይማኖት ጉባኤያት፤ ከኒቅያ እስከ ቦሩ ሜዳ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

እኛ የሸሕዲ ልጆች የዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ታሪክ የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው መሞታቸውን፥ የድንበሩም ከተማ በስማቸው መተማ ዮሐንስ መባሏን ገና ፊደል ሳንጨርስ እንሰማለን። ከዚያ በፊት በ11 ዓመት በወሎ ቦሩ ሜዳ ሊቃውንትን ሰብስበው ስላደረጉት የሃይማኖት ጉባኤ ግን የሚነግረን ጥቂት ሰው ነው።

ይህን ርእስ ስመርጥ ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያ ትምህርቴን የተማርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አያቴ ደግሞ ዳዊት የሚደግሙ፥ ከቅዳሴ የማይቀሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚህ የተነሣ ጓደኞቼ «አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ባለፈው ዓመት በዕረፍት ሰዓት ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ስለ ሃይማኖት ተከራክረው ሊደባደቡ ሲሉ ገላገልናቸው። አንዱ መምህራችን ጠርተው «የተጣላችሁበት ነገር ምንድን ነው? ጓደኛህ የሚለውን በጓደኛህ አፍ ንገረኝ» ቢሏቸው፥ አንዳቸውም ለመናገር አልቻሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥንት ሰዎችስ የሚከራከሩበትን ነገር ያውቁት ነበርን? ክርክሩንስ በምን ጨረሱት? እያልኩ መጠየቅና ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ። የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮጳ አቆጣጠር፥ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢዎች ልብ ይበሉልኝ።

በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእስክንድርያ አርዮስ የሚባል ቄስ ተነሥቶ፥ ወልድ ፍጡር ነው፥ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ ብሎ አስተማረ። ነገሩ ከቤተ ክርስቲያን አልፎ ገበያውን አወከ። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስም በ325 ዓ.ም. ጳጳሳትን በኒቅያ ሰበሰበ። ቁጥራቸው 318 ነው ተብሎ ስለሚታመን በእኛ አገር ሠለስቱ ምእት ይባላሉ። እነርሱም ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው ወሰኑ፤ አርዮስንም አወገዙ። በ381 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተደረገው ጉባኤ የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት አጸና። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የእስክንድርያው ቄርሎስ ከቍስጥንጥንያው ንስጥሮስ ጋር ተከራክሮ ረታ፤ እመቤታችንም ወላዲተ አምላክ መባሏ ጸና።

ከእነዚህ ጉባኤያት ታሪክ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከኒቅያ በኋላ ክርክሩ አልቆመም። በግሪክ ቋንቋ «በባሕርይ አንድ» እና «በባሕርይ የሚመስል» የሚሉትን ሁለት ቃላት የምትለያቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። በዚህች ፊደል ምክንያት ጳጳሳት ከመንበራቸው ወረዱ፥ ተሰደዱም። የኒቅያን ሃይማኖት ይጠብቅ የነበረው አትናቴዎስ ራሱ አምስት ጊዜ ተሰዷል። አባት ቆስጠንጢኖስ የጠራውን ጉባኤ ውሳኔ ልጁ ቆስጠንጢዮስ አልወደደውም፤ ሥልጣኑንም ለአርዮሳውያን አዋለው። እንግዲህ የቤተ መንግሥት እጅ ዛሬ ለአንዱ ወገን ከሆነ ነገ ለሌላው ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ።

ይህ ነገር እስከ አክሱም መድረሱን ሳነብ እጅግ ተደነቅሁ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸውን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አገራችን የላካቸው አትናቴዎስ ነው። በ356 ዓ.ም. ገደማ ቆስጠንጢዮስ ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ስፍራ በተሾመው በአርዮሳዊው ጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖቱ ይመርመር ሲል ጠየቀ። አትናቴዎስ የደብዳቤውን ቃል በመጽሐፉ ጠብቆታል። ኢትዮጵያ ግን በኒቅያ ሃይማኖት ጸናች።

በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን የተደረገው ጉባኤ ግን ክርስቲያኑን ዓለም ለሁለት ከፈለው። ጉባኤው ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ ይታወቃል ብሎ ወሰነ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ ተሽሮ ተሰደደ። ግብፅ፥ ሶርያ፥ አርመንና ኢትዮጵያ ጉባኤውን አልተቀበሉም፤ መለኮትና ሥጋ ያለ መቀላቀልና ያለ መለየት ተዋሕደው አንድ ባሕርይ ሆኑ በሚለው የቄርሎስ ትምህርት ጸኑ። ተዋሕዶ የሚለው ስም የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። ከ1500 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ1989 እና በ1990 ዓ.ም. የሁለቱ ወገን ሊቃውንት በግብፅና በስዊስ ተሰብስበው፥ ቃላችን ቢለያይም የምናምነው አንድ ነው የሚል ስምምነት ጻፉ። ሆኖም አብያተ ክርስቲያናቱ እስከ ዛሬ በአንድነት አይቈርቡም። መለያየት ቀላል፥ መመለስ ግን ከባድ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያን ያከራከረው የሰንበት ነገር ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተማሪዎች ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ስላሉ ተወግዘው ብዙ ዘመን በገለልታ ኖሩ። በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አድርገው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አስወሰኑ፤ የኤዎስጣቴዎስም ወገኖች ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። ሁለቱም ወገን የሰጠውና የተቀበለው ስላለ ዕርቁ ጸና። እኚሁ ንጉሥ ግን ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም ባሉት በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ ጽኑ ቅጣት አድርሰዋል። በአንድ ሰው እጅ ዕርቅም ቅጣትም ተሠራ።

ከዚያ የመጣው ፈተና ከፖርቱጋል ኢየሱሳውያን ጋር ነበር። ዐፄ ገላውዴዎስ ኢትዮጵያውያን የአይሁድን ሕግ ይከተላሉ የሚል ነቀፋ በመጣባቸው ጊዜ በ1547 ዓ.ም. ገደማ የሃይማኖታቸውን ምስክርነት ጽፈው መለሱ። ቅዳሜን ማክበራችን እንደ አይሁድ አይደለም፥ ግዝረትም የአገር ልማድ ነው፥ የእሪያም ሥጋ መተው በሕግ ግዴታ አይደለም እያሉ አንድ በአንድ አስረዱ። ይህ መልስ አጭርና ጨዋ ነው፤ ሰው የሞተበትም የለም።

ዐፄ ሱስንዮስ ግን በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ከመጣ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፥ ታቦቱና ሥርዐቱ ይለወጥ ተባለ። አገሩ በዐመፅ ተነሣ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ ስምንት ሺህ ያህል የላስታ ገበሬዎች ወደቁ ይባላል። ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱ የወደቁት አረመኔ ሳይሆኑ የገዛ ክርስቲያን ወገኖቻቸው መሆናቸውን ለንጉሡ አሳዩዋቸው። ሱስንዮስም በዚያው ዓመት የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ ነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለቀቁ። ድል አድርጎ ውሳኔውን መሻር በነገሥታት ታሪክ ብዙ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን አስወጡ፥ በ1628 ዓ.ም.ም ጎንደርን ቈረቈሩ። ሆኖም ኢየሱሳውያን የቀሰቀሱት ጥያቄ በአገር ሊቃውንት መካከል ቀረ። ጥያቄው ይህ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው ተብሎ ተጽፏል። አምላክ ከሆነ መቀባት ለምን አስፈለገው? በዚህ ላይ ሦስት መልስ ተሰጠ። አንደኛው ወገን ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው አለ፤ ይህ የተዋሕዶ ወገን ነው፥ ካራም ተብሏል። ሁለተኛው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ከበረ አለ፤ ይህ ቅብዐት የተባለው በጎጃም የጸና ወገን ነው። ሦስተኛው ከአብ በቀድሞ ልደት፥ ከድንግል በኋላ ልደት፥ ከመንፈስ ቅዱስም በጸጋ ተወለደ ብሎ ሦስት ልደት ቈጠረ፤ ይህ ጸጋ የተባለው በጎንደርና በሸዋ ብዙ ተከታይ ነበረው። ካራ የሚለውም ስም ሦስተኛውን ልደት ቈርጦ ስለ ጣለ ተሰጠው ይባላል።

የጎንደር ነገሥታት ስለዚህ ጥያቄ ደጋግመው ጉባኤ ጠሩ። አንዱ ንጉሥ ለአንዱ ሲፈርድ ሌላው ለሌላው ፈረደ። ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. በነገሡት በዐፄ ዳዊት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ለቅብዐት ወገን ስላደላ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጎንደር ተገደሉ። የመሳፍንት ዘመን በመጣ ጊዜ ደግሞ ክፍለ ሀገሩ ሁሉ የየራሱን ወገን ይዞ ቆመ። የሃይማኖቱ ክርክር የመኳንንቱን ጥል፥ የመኳንንቱ ጥልም የሃይማኖቱን ክርክር ይመግበው ነበር። የእኛ ጎረቤት የቋራው ካሣ በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ ከአቡነ ሰላማ ጋር ጉባኤ አድርገው ተዋሕዶ ብቻ እንዲሆን አወጁ፤ በዓመቱም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ጉዳዩ የተዘጋው ግን በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ነው። ዐፄ ዮሐንስና ከጥቂት ወራት በፊት የገበሩላቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የየወገኑ ሊቃውንት ቀርበው ተከራከሩ። ከእስክንድርያ የመጣ የፓትርያርኩ መልእክትም ተነበበ። ፍርዱም ለተዋሕዶ ሆነ። በዚያ ያልተስማሙት ሁለት ዓመት፥ እስላሞች ሦስት ዓመት፥ ሌሎች አምስት ዓመት ተሰጥቷቸው እንዲመለሱ ታዘዙ። ከጸጋ መምህራን አንዳንዶቹ ምላሳቸው ተቈረጠ ይባላል። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነዋል። ሼክ ጠልሐን የመሰሉ ግን ዐመፁ፤ ብዙ ሰውም ቤቱን ትቶ ተሰደደ።

ስለዚህ ጉባኤ ፍርድ ለመስጠት ዕውቀቴ አይፈቅድልኝም። ዐፄ ዮሐንስ በዙሪያቸው ግብፅ ጦር ስታዘምት፥ አገሪቱ ለብዙ ዘመን ተከፋፍላ ስትኖር ያዩ ንጉሥ ነበሩ። በአንድ ሃይማኖት አንድ አገር ለመሥራት ማሰባቸው ይገባኛል። የሊቃውንቱም ክርክር ለተዋሕዶ አንድነት ሰጥቶ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየውን መከፋፈል አብዝቶ ቀነሰው። ነገር ግን ቃል የረታውን ቃል ማጽናት ሲቻል አዋጅና ቅጣት በተጨመሩበት ጊዜ ቂም ተተክሏል። በእኛ ከተማ የመስጊዱ ጥሪና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በአንድ ጠዋት ይሰማሉ፤ እኔም ከእስላም ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጬ ተምሬአለሁ። ስለዚህ ይህን ክፍል ሳነብ የጓደኛዬ ቅድመ አያቶች በዚያ አዋጅ ዘመን ምን አሰቡ ይሆን ብዬ መጠየቄ አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የነካው የመጨረሻው ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. የማህዲ ሠራዊት በሐምዳን አቡ ዐንጃ መሪነት ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። እነዚያም በበኩላቸው ሃይማኖትን በሰይፍ ለማስፋት የተነሡ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ለአቡ ዐንጃ ደብዳቤ ላኩ። እኛ ብንዋጋ የሚያልቀው ምንም ያልበደለው ድኻ ነው፤ በሰላም እንኑር፥ ነጋዴውም ከአገር ወደ አገር ይመላለስ የሚል መንፈስ ያለው መልእክት ነበር። መልሱ እንቢታ ሆነ። በመጋቢትም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መተማ ዘመቱ፤ ድሉ ወደ እርሳቸው ሲያደላ በጥይት ተመቱ፥ በማግሥቱም ዐረፉ። በቦሩ ሜዳ ሦስት ዓመት ቀን የቈረጡት ንጉሥ፥ በመጨረሻው ክረምታቸውና በጋቸው ሃይማኖቱ ከሚለይ ጠላት ጋር በሰላም መኖርን ፈለጉ። ይህን ሳስብ የመተማ ሜዳ ከጦርነት ቦታነቱ የሚበልጥ ትምህርት ያለው ይመስለኛል።

ስለዚህ ነገር አያቴን ጠይቄአቸው ነበር። «ልጄ፥ አባቶች መከራከራቸው ጥፋት አይደለም፤ የማይከራከር ሃይማኖቱን አያውቅም። ጥፋቱ ክርክሩን ሳይጨርሱ ወደ ዱላ መሄድ ነው» አሉኝ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ለ26 ዓመት ያህል ተለያይተው የነበሩት የአገር ውስጡና የውጭ አገሩ ሲኖዶስ በዋሽንግተን ታርቀው አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አያቴ እንባቸውን ሲጠርጉ ማየቴ ትዝ ይለኛል። ያ ዕርቅ በንግግር የተገኘ ነው።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፥ ውድ ጓደኞቼም፤ የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ሰው ሁሉ አንድ ዐይነት ያስብ ማለት አይደለም። ከኒቅያ እስከ ቦሩ ሜዳ ሊቃውንቱ የተቃዋሚያቸውን ነገር ከራሱ ከተቃዋሚው አሳምረው ያውቁት ነበር፤ እኛ ግን ሳናውቀው እንጣላለን። ያን ቀን የተጣሉት ሁለቱ ጓደኞቼ መምህራችን በሰጡት ትእዛዝ አንዱ የሌላውን እምነት በአንድ ገጽ ጽፎ ለክፍሉ እንዲያነብ ተደረገ። ሲያነቡ አንዱ ሌላውን ሦስት ጊዜ አረመው፤ አንባቢውም እርማቱን ተቀብሎ ቀጠለ። እኔ በሕይወቴ ያየሁት ጉባኤ ያ ብቻ ነው፤ ማንም አልተወገዘበትም።

ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለወደፊትም እንዲህ ያለ ጉባኤ የሚደረግበት ቤት ሆኖ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ።