ኮስት ሼሪንግ ከየት መጣብን?

አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ጋምቤላ ባሮ ድልድይ አካባቢ ብትቀመጡ የዘንድሮ ተመራቂዎችን ታገኛላችሁ። ወሬያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ "ኮስት ሼሪንግ ስንት መጣብህ?" እኛም ብንሆን አናመልጥም። ከመካከላችን ሁለቱ ከተመረቁ ዓመታት ቢቆጠሩም ዛሬም በ"ቴምፖ" ነው የሚዞሩት። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻሉ የሚወጣው ዕዳው ሲያልቅ ነዋ!

ታላላቆቻችን "እኛ በነፃ ነው የተማርነው" ማለት ይወዳሉ። ግማሽ እውነት ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪው የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም ነበር። በ1957 ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንድ ግዴታ አመጣ፤ ከመመረቅህ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደህ አገልግል አለ። የሚበዙት የሄዱት ለማስተማር ነው። አንዳንዱ እያጉረመረመ ሄደ፣ አንዳንዱ ደግሞ የገበሬውን ኑሮ ያየው ያኔ ነው፤ ሲመለስ "መሬት ላራሹ"ን ከበፊቱ በበለጠ ድምፅ ጮኸ። በታህሳስ 1967 ደግሞ ደርግ የእድገት በሕብረት ዘመቻን ከፈተና 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ገጠር ላከ። የዘመቻው ጣጣ ብዙ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ለማለት የፈለግነው፣ ያኔም ዕዳ ነበረ፤ የሚከፈለው ግን በዕድሜ ነበር። እንደ ጋምቤላ ላለ ሩቅ አገር (ያኔ በኢሉባቦር ሥር ነበረች) ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የዚያን ጊዜው ዕዳ የተማረውን ሰው ወደ ገጠር ይልክ ነበር።

የገንዘቡ ዕዳ የመጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ጋምቤላ ያን ዓመት የምታስታውሰው በሌላ ነገር ነው፤ ታህሳስ 3 ቀን በከተማዋ ብዙ አኝዋኮች የተገደሉበት ዓመት ነው። ልጁን ለቀበረ ቤተሰብ የወጪ መጋራት ደንብ ምኑም አልነበረም። ደንቡ ግን ወጣ። አውስትራሊያ ቀደም ብላ የጀመረችውን የሚመስል ነው፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል።

ለዓመታት ሒሳቡ ብዙም አያስደነግጥም ነበር። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በ22 ብር ሲታሰብ፣ በአሥር ወር 6,600 ብር ነው። በ2017 የቀኑ በጀት 100 ብር ገባ። ለሚበላው ተማሪ ደግ ነገር ነው፣ ሽሮው ቀጥኖ ነበርና! ያው አሥር ወር ግን አሁን 30,000 ብር ይሆናል። አራት ዓመት አባዙትና የጀማሪ ደመወዝ አጠገብ አስቀምጡት።

አንድ ቀዳዳ ግን ቀርቷል፤ በመምህርነት የተሰማራ ሰው ዕዳውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ሊከፍል ይችላል። የ1957ቱ ሐሳብ ቅሪት ማለት ነው። የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ከመቋቋሙ በፊት ዲግሪ የፈለገ የዚህ አገር ልጅ ብዙውን ጊዜ ከክልሉ ውጭ መሄድ ነበረበት፤ ከሄደው ውስጥ ያልተመለሰው ስንቱ ነው! አሁን ቤቱ አጠገብ ተምሮ፣ እዚሁ ወረዳ አስተምሮ ዕዳውን ማውረድ ይችላል።

አንድ ወዳጃችን ይህን ሁሉ አስልቶ ሲያበቃ አቦቦ ለማስተማር ተመዘገበ። ወንድሙ ከአዲስ አበባ ይደውላል፤ "ሥራ አግኝቼልሃለሁ፣ ደመወዙ እጥፍ ነው፣ ዕዳውን በሁለት ዓመት ትዘጋዋለህ።" ሰኞ የምደባ ደብዳቤውን ይወስዳል። እስከዚያ ስልኩን አጥፍቶታል።