የደረስጌው ዓመት በመቶና በስድሳ ሲቆጠር

መካነ ብርሃን ዋና ከተማዋ በሆነችው ጃናሞራ፣ የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል ነሥተው፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ።

ያን ዓመት የግእዝ ጸሐፊ ፲፰፻፵፯ ብሎ ይጽፈዋል። መጀመሪያ ፲፰፣ ቀጥሎ ፻፣ በመጨረሻ ፵፯፤ ዐሥራ ስምንት መቶዎችና አርባ ሰባት ማለት ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት አኃዝ ዐሥር በሞላ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ቤት ሲሻገር፣ ግእዙ የሚሻገረው መቶ ሲሞላ ነው። መቶ ጊዜ መቶ ሲሞላ ደግሞ ፼ ይመጣል።

ምልክቶቹ መነሻቸው የግሪክ ፊደል ነው፤ በአክሱሙ ንጉሥ በኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይም ይታያሉ። ግሪኮች ከ200 እስከ 900 ላለው ለእያንዳንዱ መቶ የራሱን ፊደል ሰጥተው ነበር። የእኛ ሊቃውንት ግን ፻ ላይ አቆሙና ፪፻፣ ፫፻ እያሉ ቀጠሉ። ፼ን ጨምሮ ሃያ ምልክት በቃቸው። ይህን እንደ ትልቅ ፈጠራ ነው የማየው። «ዜሮ የለውም» እየተባለ የሚቀርበው ነቀፋም መልስ አለው፤ እያንዳንዱ ምልክት ደረጃውን ይዞ ስለሚመጣ 1907ን ፲፱፻፯ ብሎ ለመጻፍ ባዶ ቤት መሙላት አያስፈልግም። በወረቀት ላይ ለማባዛት አለመመቸቱ ግን እውነት ነው።

በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዘመን ቆጠራው ትምህርት፣ ሰማዩን የሚቆጥረው ሊቅ ደግሞ መቶውን ትቶ ከባቢሎናውያን ጀምሮ የኮከብ ቆጣሪዎች መለኪያ የነበረውን ስድሳን ይይዛል። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልኢት፣ አንዱ ካልኢት 60 ሣልሲት ነው፤ ከዚያም ራብዒት፣ ኃምሲት እያለ ይወርዳል። በዛሬው ሰዓት አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል። የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልኢት ነው። የጨረቃው 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ ከ1 ካልኢት ከ36 ሣልሲት ከ52 ራብዒት ከ48 ኃምሲት ነው። ይህ የጨረቃ ዓመት ዛሬ ከሚታወቀው አማካይ ልክ ጋር ያለው ልዩነት አምስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ጨረቃውን ከፀሐዩ ለመቀነስ 15 ኬክሮስ ለ22 አይበቃም፤ ስለዚህ አንዱ ዕለት ተመንዝሮ 60 ኬክሮስ ይጨመርለታል። ቀሪው 10 ዕለት ከ53 ኬክሮስ ከ4 ካልኢት ከምናምን ይወጣል፤ ወደ 11 ዕለት የተጠጋ ነው። የፀሐይና የጨረቃ ቆጠራ ልዩነት የሆነው የአበቅቴ መነሻ 11 ይኸው ነው።

በዚህ የደረስጌውን ዓመት እናስላ። 1847 ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ሲደመር፣ ከፍጥረት የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም ፸፫፻፵፯ ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተትቶ የሚቀረው 12 ወንበር ይባላል። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ አበቅቴ 12 ይቀራል። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ እሱም ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይሆናል፤ ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው ስሌቱ እንዳልተሳሳተ ምስክር ነው። ዘመኑ ሉቃስ፣ መስከረም 1 እሑድ፣ መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 ረቡዕ ነበር። በመጥቅዑ ላይ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ፣ 4 ሲጨመር የአጽዋማት ማውጫ የሆነው መባጃ ሐመር 22 ይሆናል፤ ስለዚህ የነነዌ ጾም ጥር 22 ገባች። ዐቢይ ጾም የገባው ቴዎድሮስ በነገሡበት ወር፣ ሰኞ የካቲት 6 ቀን ነበር፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 1 ዋለ።