ጠመንጃ ያዥ ሆኖ ኤሌክትሮን ማስላት

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ደርሶታል። ትናንት እዚሁ ጠመንጃ ያዥ ቤት ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ ደህና ላብራቶሪ በሌለበት ፊዚክስ ተምሬ ምን ልሠራ ነው? ወይ ከአገር መውጣት ነው፣ ወይ መተው» አለኝ። መልሴ ስለረዘመ እዚህ ልጻፈው።

አንድ ቁስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ አያስተላልፍ፣ ይጠንክር ይልሰልስ፣ በአብዛኛው የሚወስኑት ኤሌክትሮኖቹ ናቸው። የሚመሩበት ቀመር ከ1926 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል። ጣጣው ማስላቱ ላይ ነው። አንድ የብረት አቶም 26 ኤሌክትሮኖች አሉት። የእያንዳንዱን ቦታ ለመግለጽ ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል፣ ድምሩ 78። ለየቁጥሩ አሥር አሥር ነጥብ ብቻ ብንይዝ እንኳ የምንሞላው ሠንጠረዥ 1 ተጽፎ 78 ዜሮ የሚከተለው ነው። ይህን የሚችል ኮምፒውተር የለም።

በ1964 ዋልተር ኮን እና ፒየር ሆኸንበርግ መላ አገኙ። ኤሌክትሮኖቹን አንድ በአንድ መከተል ቀርቶ፣ የት ቦታ ላይ ምን ያህል እንደተጠጋጉ ማወቅ በመርህ ደረጃ ይበቃል አሉ። ለዚህ ሦስት ቁጥር በቂ ነው፤ ያ ሠንጠረዥ ወደ 1,000 ነጥብ ወረደ ማለት ነው። በዓመቱ ኮን ከሉ ጁ ሻም ጋር የማስሊያውን መንገድ አወጣ። በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘበት።

በዚያው በ1964 ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም ጣሊያን፣ ትሪየስት ላይ ዓለም አቀፉን የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል አቋቋመ። ሰላም እንግሊዝ ተምሮ ላሆር ሲመለስ በሙያው የሚያወራው ሰው አጥቶ እንደገና የተሰደደ ነው። የእህቴን ልጅ ጭንቀት ቀድሞ ቀምሶታል። ማዕከሉን ያቋቋመውም የድሃ አገር ምሁር ከስደትና ከብቸኝነት አንዱን እንዳይመርጥ ብሎ ነው።

ሁለቱ ታሪኮች ኋላ ተገናኙ። ትሪየስት ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ሠሩ። (በቡና ስም ተቀድመናል!) በ2010 ደግሞ አሴስማ የተባለው፣ ይህንን ስሌት የሚያስተምር የአፍሪካ ትምህርት ቤት ኬፕ ታውን ላይ ተጀመረ። በ2018 ተረኛዋ አዲስ አበባ ነበረች።

እኔ ብቻዬን ነው የጀመርኩት። ሶፍትዌሩን በሌሊት አውርጄ ሲሊከንን አሰላሁ። አንድ ኤሌክትሮን ከታሰረበት ተላቅቆ ኤሌክትሪክ እንዲሸከም የሚያስፈልገው ጉልበት ሲለካ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የእኔ ላፕቶፕ 0.6 አለኝ። ደገምኩ፣ ያው። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ደገምኩ፣ ያው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን ስረግም ከረምኩ። «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብዬ ልተወው ስል፣ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የገባ ወዳጄ ሻይ እየጠጣን ሳቀብኝ። «ስህተቱ ያንተ አይደለም። የተለመደው ስሌት ውስጥ በግምት የሚሞላ ክፍል አለ፤ ክፍተቱን ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚያወጣው» አለኝ። የሁለት ሳምንት ጣር በአንድ ደቂቃ አለቀ።

እና አንተ ልጅ፣ አልዋሽህም። ላፕቶፕ ትንንሽ ክሪስታል ይችላል፤ ትልቁ ትልቅ ማሽን ይፈልጋል፤ ስሌትም ላብራቶሪን አይተካም። ግን ለመጀመር ላፕቶፕ ይበቃሃል። እኔን ሊያስተወኝ የነበረው የማሽን እጦት ሳይሆን የምጠይቀው ሰው ማጣቴ ነው። አንተ ግን አጎት አለህ። ቅዳሜ ላፕቶፕህን ይዘህ ና። ከሲሊከን እንጀምራለን፤ 0.6 ሲልህ አትደንግጥ።