ባላ በትርና ክፍት ደጅ፤ ከአርሲ ደጋ እስከ ድሬ ሼኽ ሁሴን

በአበው ዘመን የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር፡፡ ከውስጥ የሚሰማው መልስም «ቤት የእግዜር ነው» የሚል ነበር፡፡ በዚህች አጭር ምልልስ ውስጥ ዋጋ አይነገርም፤ ውለታም አይቆጠርም፡፡ አባወራው ራሱን ከባለቤትነት ወደ ጠባቂነት ዝቅ ያደርጋል፤ እንግዳውም ከለማኝነት ከፍ ብሎ የእውነተኛው ባለቤት መልእክተኛ ይሆናል፡፡ ይህ ልማድ ዛሬ ለከተሜው ተረት ሊመስለው ይችላል፡፡ ይሁን እንጂ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ልማድ ላይ ብቻ ተደግፎ የቆመ አንድ ረጅም መንገድ አለ፡፡ እርሱም ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ የዋቤ ሸበሌን ሸለቆ ተሻግሮ ባሌ ቆላ ውስጥ፣ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚደርሰው የዝያራ መንገድ ነው፡፡

የመንገዱ መልክዐ ምድር ራሱ አንድ ትምህርት ነው፡፡ አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈውን የጭላሎን ተራራ ተንተርሳለች፡፡ ዙሪያዋ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ ጉም የሚተኛበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ሌሊቱ ብርድ የሆነ አገር፡፡ በአርሲ ሮቤና በሴሩ አቅጣጫ ሲወረድ ግን ገብሱ ለማሽላ፣ ማሽላውም ለግራርና ለእሾሃም ቁጥቋጦ ቦታውን ይለቃል፡፡ ከሸለቆው ሥር አርሲን ከባሌ የሚለየው ዋቤ ሸበሌ ይፈሳል፡፡ ከወንዙ ማዶ ፀሐይ የበረታችበት፣ ውሃ የራቀበት አገር ይቀበላል፡፡ አናጂና የምትባለው መንደር፣ በኖራ የነጡ ጉልላቶችዋን ይዛ የምትገኘው በዚያ ነው፡፡

ሼኽ ሁሴን በትውፊት ከ12ኛውና ከ13ኛው መቶ ዘመን ጋር ስማቸው የሚያያዝ፣ እስልምናን በባሌና በአካባቢው እንዳስፋፉ የሚነገርላቸው ወሊ ናቸው፡፡ የዘር ሐረጋቸውን ትውፊቱ በሶማሊያ ጠረፍ ካለችው ከመርካ ይመዝዛል፡፡ የመቃብራቸውን ሕንፃ ያሠሩት ደግሞ ከ1783 እስከ 1794 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ሐረርን የገዙት አሚር አብዱሽኩር እንደሆኑ ይተረካል፡፡ ተአምራታቸውን የሚዘረዝረው «ረቢዕ አል ቁሉብ» የተሰኘው የዓረብኛ ገድልም በ1927 ካይሮ ላይ ታትሟል፡፡

ወደዚህ ስፍራ የሚጓዘው ሰው «ገሪባ» ይባላል፡፡ መታወቂያው በእጁ የያዘው፣ ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ነው፤ በኦሮምኛ «ኡሌ ሼኽ ሁሴን» ይሉታል፡፡ ይህ በትር በእሾሃሙ ቆላ ምርኩዝ ነው፤ በሰው ደጅ ደግሞ ፓስፖርት፡፡ ገሪባው በአርሲ ደጋ ሲያልፍ በትሩን አይቶ ደጁን የሚከፍት፣ ወተት የሚቀዳ፣ ከእሳቱ ዳር መደብ የሚለቅ ቤተሰብ ነበረው፡፡ የተጠበሰ ገብስ ዱቄት በቅቤ የሚታሽበት ጩኮ ቶሎ የማይበላሽ የደጋ ስንቅ ነውና፣ ደገኛው ለሚሸኘው እንግዳ ምን ሊያስይዝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም፡፡ ገሪባውም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ምርቃትና ዜማ ይዞ ይመጣል፡፡ ለሼኹ የሚቀርበው «ባህሮ» የተባለው የውዳሴ መዝሙር ከመንደር መንደር የተዛመተው በእነዚህ እግረኞች አንደበት ነው፡፡

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም፡፡ የቋንቋ ሊቁ አንድርዜየቭስኪ በ1972 ባወጣው ጥናት የእነዚህን መዝሙሮች ቅኔያዊ አነጋገር መርምሯል፡፡ መዝሙሮቹ ነገሩን በቀጥታ አይናገሩም፤ ይጠቅሱታል፡፡ አንድ የቦታ ስም ወይም የአንድ ተአምር ጫፍ ይነሣል፤ የቀረውን አድማጩ ከሚያውቀው ይሞላዋል፡፡ እንዲህ ያለው ግጥም ሊኖር የሚችለው ታሪኩን አስቀድሞ የሰማ ሕዝብ ሲኖር ነው፡፡ ታሪኩ የሚሰማውስ የት ነበር? ሌሊት፣ ከእሳት ዳር፣ እንግዳ ባደረበት ቤት ነዋ! ማደሪያው የእግረኛ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን የቃል ቤተ መጻሕፍትም ነበር፡፡

የዚህ መስተንግዶ ሥር ከእስልምናም ይቀድማል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፡፡ የኦሮሞ ሕዝብ «ጅላ» የተባሉ መልእክተኞችን በባሌ ምድር ወደሚኖሩት አባ ሙዳ ይልክ ነበር፡፡ ጅላዎቹ ያለ መሣሪያ ይጓዙ ነበር፤ በየመንገዱም ምግብና ማደሪያ በነፃ ያገኙ ነበር፡፡ ከ1882 እስከ 1886 በተካሄደው ደም አፋሳሽ ጦርነት አርሲ በሸዋ ሠራዊት ከተያዘ በኋላ፣ አፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ ይህን ጉዞ እንደከለከሉት የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ፡፡ የአባ ሙዳ መንገድ ሲዘጋ የሼኽ ሁሴን መንገድ ግን ክፍት ሆኖ ቀጠለ፡፡ ከሐረርጌ፣ ከሲዳማ፣ ከወሎ፣ ከሶማሊያም ጭምር ሰው ይጎርፍበት ነበር፤ ክርስቲያኑም ስለት ይዞ ከእስላሙ ጋር አብሮ ይወርድ ነበር፡፡

በ1894 አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ከበርበራ ተነሥቶ ግመሎችንና ጠመንጃ የታጠቁ ሶማሌዎችን አስከትሎ እዚህ ስፍራ ደርሷል፡፡ ወደ ምዕራብ ሊያልፍ ሲል ግን የምኒልክ ሹማምንት ከለከሉት፤ ወደኋላ ተመልሶ በደቡብ በኩል ዞሮ ወደ ሩዶልፍ (ቱርካና) ሐይቅ የደረሰው በ1895 ነው፡፡ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ጠመንጃ ሊከፍተው ያልቻለውን መንገድ፣ አንዲት ባላ በትር የያዘ ድሀ ገሪባ ለዘመናት ሲመላለስበት ኖሯል፡፡

መዳረሻው ላይ የሚጠብቀው ማደሪያ እንዴት ያለ ነበር? የኤሌክትሪክ መብራት የለም፤ ሆቴል የለም፡፡ ውሃው በዝናብ ወራት በተቆፈረ ኩሬ የተጠራቀመ ነው፡፡ በሐጅ ወር፣ በታላቁ ዝያራ ጊዜ፣ ከመንደሩ ጎጆዎች የተረፈው ሕዝብ በየዛፉ ጥላና በሜዳው ላይ ያድራል፡፡ ባለጠጋውና ድሀው አንድ አፈር ላይ ይተኛሉ፤ አንድ ኩሬ ይቀዳሉ፡፡ ዛሬ በሌላው ዓለም ሰው ከመብራትና ከስልክ ለመራቅ በበረሃ መካከል ለሚገኝ ጎጆ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፡፡ እርሱ የሚገዛው ብቸኝነትን ነው፡፡ የድሬ ሼኽ ሁሴን ጨለማ ግን ሰው ከሰው የሚቀራረብበት ጨለማ ነበር፡፡

ቦታው በ2011 ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በጊዜያዊ መዝገብ ገብቷል፡፡ ጉልላቱንና ግንቡን መጠበቅ ይቻላል፤ መልካምም ነው፡፡ ቅርሱ ግን ግንቡ ብቻ ነውን? ባለፉት አሥርት ዓመታት የወሊ መቃብርን መዘየር ከሃይማኖቱ ጋር አይሄድም የሚሉ ሙስሊሞች በባሌም በአርሲም በርክተዋል፤ ክርክሩ የባለቤቶቹ ነውና ለእነርሱ እንተወው፡፡ ከክርክሩ ይልቅ ድምፅ ሳያሰማ የመጣ ሌላ ለውጥ ግን አለ፤ እርሱም መኪና ነው፡፡ በእግር ብዙ ሌሊት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ በመኪና የሚያሳጥር ገሪባ በየመንደሩ ደጅ አይቆምም፡፡ አሳዳሪው ጨክኖ አይደለም፤ የሚያሳድረው አጣ እንጂ፡፡ መንገድ ማሳጠር በጎ ነገር ነው፤ ሕመምተኛና አረጋዊ በፀሐይ ይንከራተት የሚል ማንም የለም፡፡ ነገር ግን መንገዱ ሲያጥር በመካከል የቀሩት ቤቶች ከእንግዳው ጋር ወሬውን፣ ዜማውን፣ ምርቃቱንም ያጣሉ፡፡

ስለዚህ ለቅርሱ የሚያስብ ሰው ሁሉ ከጉልላቱ ጎን አንድ ሥራ ቢጨምር ይበጃል፤ በአርሲ ደጋ ገሪባ ያሳደሩ ሽማግሌዎችና እናቶች ዛሬም ካሉ፣ ማን እንዳደረ፣ ምን እንደበላ፣ ሌሊቱን ምን ሲዘምር እንዳነጋ ከአንደበታቸው መጻፍ፡፡ ግንብ ቢፈርስ በድንጋይ ይጠገናል፤ የእንግዳ ዜማ ግን ከሰሚው ጋር ይቀበራል፡፡