የነፋስ ስልክና ምሥጢሩ፤ ከሎንዶን እስከ ማይጨው፣ ከዚያም ወዲህ

ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ አባቶቻችን «የነፋስ ስልክ» ብለውት ነበር። በአዲስ አበባ ከተማ ደቡባዊ ክፍል ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ ስያሜ እኛን የሚያስደንቀን በውበቱ ሳይሆን በእውነተኛነቱ ነው። ነፋስ የማንም ርስት አይደለምና በነፋስ ላይ የተጣለ ቃል ጆሮ ላለው ሁሉ ነው። ሰዎች ለነፋስ አደራ የሰጡትን ምሥጢር እንዴት ሊጠብቁት እንደ ሞከሩ፣ ስለ ምንስ ብዙ ጊዜ እንዳልሆነላቸው በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር አስበናል። በውጭ ሀገር የተፈጸመውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሀገራችን የተፈጸመውን ግን እንደ ራሳችን አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ያስታውስልን።

የሽቦ ቴሌግራፍና ስልክ ችግራቸው ሌላ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ሲዘረጋ፣ ዋናው ሥጋት የሽቦው መበጠስና የእንጨቱ መውደቅ ነበር እንጂ የወሬው መሰማት አልነበረም። ምሥጢር ሊሰርቅ የፈለገ ሰው መስመሩ ካለበት ድረስ መሄድ፣ ምሰሶ ላይ መውጣት፣ ሽቦውን መንካት ነበረበት። የነካ ደግሞ ምልክት ይተዋል። የነፋስ ስልክ ግን ለሌባው ይህን ሁሉ ድካም አስቀረለት። ሌባው በቤቱ ተቀምጦ ይሰማል፤ ተናጋሪው ግን መሰማቱን አያውቅም።

ጉሊኤልሞ ማርኮኒ ይህ ነቀፌታ ሳይደርሰው አልቀረም። በ1900 ዓ.ም. 7777 የሚል ቁጥር ያለው የእንግሊዝ የባለቤትነት ማረጋገጫ አገኘ። አሠራሩም ላኪውና ተቀባዩ በአንድ ሞገድ ላይ እንዲቃኙ የሚያደርግ ነበር። ክራር ከክራር ጋር እንደሚቃኝ ማለት ነው። ማርኮኒም ከእርሱ መሣሪያ ጋር አብሮ ያልተቃኘ ሌላ መሣሪያ መልእክቱን ሊጠልፍ እንደማይችል ለጋዜጣ ተናገረ። ነገር ግን ቅኝት ቁልፍ አይደለም። ክራሩን የሰማ ሌላ ባለ ክራር ጥቂት ቢለፋ ቅኝቱን ያገኘዋልና።

ይህን ያሳየው ኔቪል ማስከሊን የተባለ የሎንዶን ምትሐተኛ ነው። ሰውየው በቴአትር ቤት ተመልካች ከማስደነቁ ሌላ የነፋስ ስልክ ዕውቀት ነበረው። በባሕር ሥር ገመድ የሚነግደው ኢስተርን ቴሌግራፍ ኩባንያ ከማርኮኒ ፈጠራ የተነሣ ንግዱ እንዳይጠፋ ስለ ሠጋ ማስከሊንን ቀጠረው። እርሱም በኮርንዎል ጠረፍ ፖርትኩርኖ ላይ 50 ሜትር ያህል የሚሆን ምሰሶ አቁሞ፣ ከማርኮኒ የፖልዱ ጣቢያ የሚወጣውን መልእክት ያለ ብዙ ችግር መቀበሉን በ1902 ዓ.ም. በሙያው መጽሔት አስታወቀ። የማርኮኒ ወገኖች ግን ነገሩን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም።

በሰኔ ወር 1903 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ሎንዶን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲቲዩሽን ስለዚሁ ፈጠራ ንግግር ያደርግ ነበር። በመጨረሻም ማርኮኒ ራሱ ከፖልዱ የሚልከው መልእክት በጉባኤው ፊት እንዲነበብ ታስቦ ነበር። ሰዓቱ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ መሣሪያው መምታት ጀመረ። ረዳት የነበረው አርተር ብሎክ የሞርስን ምልክት ያውቅ ነበርና አዳመጠ፤ የሚመጣው ቃል «አይጦች» የሚል ነበር፤ ደጋግሞም መጣ። ቀጥሎም አንድ የኢጣሊያ ሰው ሕዝብን አታለለ የሚል የፌዝ ግጥም ተከተለ። ማስከሊን ከዚያው ከተማ፣ ከአባቱ ቴአትር ቤት ሆኖ በቀላል መሣሪያ የላከው ነበር።

ፍሌሚንግ እጅግ ተቆጥቶ፣ ድርጊቱ በሳይንስ ላይ የተፈጸመ ዱርዬነት ነው በማለት ለታይምስ ጋዜጣ ጻፈ። ማስከሊንም ማንነቱን ሳይደብቅ በዚያው ጋዜጣ መለሰለት። እኛ የፕሮፌሰሩን ቁጣ አንነቅፍም፤ ንግግር ሲያደርግ የተቀለደበት መምህር ቢቆጣ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ከገለጠው ሰው ጋር መጣላት ጥፋቱን አያርመውም። በዚያች ምሽት ሁለት ልዩ ልዩ ድክመቶች ታይተዋል። አንደኛው ሌላ ሰው መስማት መቻሉ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው ያላስተዋለው፣ ተቀባዩ መሣሪያ የላከው ማርኮኒ ይሁን ማስከሊን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ድክመት ደም ያፈሰሰው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። በነሐሴ 1914 ዓ.ም. ሁለት የሩስያ ሠራዊቶች በጄኔራል ሬኔንካምፕፍና በጄኔራል ሳምሶኖቭ እየተመሩ ወደ ምሥራቅ ፕሩስያ ገቡ። የሚዘረጋ ሽቦ አልበቃቸውም፤ የምሥጢር ፊደሉ መግለጫም ለሁሉ በደንብ አልታደለም። ስለዚህ ብዙ ትእዛዝ በግልጥ ቋንቋ በነፋስ ስልክ ተላለፈ። ጀርመኖችም ሰሙት። አንደኛው የሩስያ ሠራዊት ሁለተኛውን ለመርዳት ፈጥኖ እንደማይደርስ ስላወቁ፣ ኃይላቸውን ሰብስበው ሳምሶኖቭን በታነንበርግ ከበቡት። ከ90 ሺህ በላይ ሰው ተማረከ፤ ሳምሶኖቭም ራሱን ገደለ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይከብደናል። የአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው ጦርነቱ በተቃረበበት በ1927 ዓ.ም. ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዓለም ሕዝብ በራዲዮ ንግግር አደረጉ። ያ ንግግር ሁሉ እንዲሰማው የተደረገ ነውና የነፋስ ስልክ ጠባይ እዚያ ላይ ረድቶናል። በጦር ሜዳ ግን ይኸው ጠባይ ተገለበጠብን።

በሰሜን ጦር ግንባር ያሉት የጦር አለቆች በተራሮችና በገደሎች የተለያዩ ነበሩ። ራስ ሙሉጌታ በአምባ አራዶም፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም በተምቤን፣ ራስ እምሩ በሽሬ ነበሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው መልእክተኛ በእግር ወይም በበቅሎ ሲሄድ ቀናት ያልፋሉ፤ መልእክቱ በደረሰ ጊዜም ነገሩ ተለውጦ ይቈያል። የነፋስ ስልክ ይህን ያቃልላል። ነገር ግን ማርሻል ባዶሊዮ ከእኛ ወገን በአየር የሚተላለፈውን ቃል የሚያዳምጡና የሚተረጉሙ ሰዎች ነበሩት።

ከማይጨው ጦርነት በፊት፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከጦር ሰፈር ሆነው ለእቴጌ መነን በነፋስ ስልክ መልእክት ላኩ። ሠራዊታቸው ከጠላት ጋር ፊት ለፊት መድረሱንና በእግዚአብሔር መታመናቸውን የሚገልጥ ነበር። ባል ለሚስቱ፣ ንጉሥም ለንግሥቲቱ የሚልከው ቃል ነበር። ባዶሊዮ ይህን መልእክት ጠልፎ አነበበው። ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍም አተመው። የእኛ ሠራዊት መጋቢት 22 ቀን ሲነጋ ባጠቃ ጊዜ ኢጣሊያኖች ምሽጋቸውን አጠንክረው ይጠብቁ ነበር። ጥቃቱ አስቀድሞ ከታሰበበት ቀን አንድ ሁለት ጊዜ መተላለፉም ለዚሁ ጊዜ ሰጥቷቸዋል።

እዚህ ላይ ከመጠን እንዳናልፍ እንጠንቀቅ። ማይጨው የተሸነፍነው በነፋስ ስልክ ምክንያት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። አይሮፕላኑ፣ መድፉና የመርዙ ጋዝ ከማንኛውም የተጠለፈ ቃል ይበልጣሉ። ከድተው ወደ ጠላት የገቡ ሰዎችም ወሬ አድርሰዋል። እንዲሁም በመሣሪያው ላይ የተቀመጡትን ሠራተኞች መውቀስ ፍትሕ አይመስለንም። በሁለት ክፉ ነገሮች መካከል ነበሩ። መልእክተኛው ምሥጢር ይጠብቃል ነገር ግን ይዘገያል፤ የነፋስ ስልክ ይፈጥናል ነገር ግን ለጠላትም ይነግራል። ሩስያውያን በታነንበርግ የወደቁበት አጣብቂኝ ይኸው ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው፤ አንድ ነገር ብቻ ግን ዘርዘር አድርገን እናሳያለን። በ1997 ዓ.ም. ዛሬ ዋይ ፋይ የምንለው አሠራር ደንብ ሲወጣለት፣ ከሽቦ ጋር እኩል የሆነ ምሥጢር ይሰጣል የሚል ትርጉም ያለው ዌፕ የሚባል መከላከያ ተጨመረለት። የስሙ ትምክህት ማርኮኒን ያስታውሰናል። በዌፕ እያንዳንዱ ፓኬት ከዋናው ቁልፍ ጋር 24 ቢት ያለው መነሻ ቁጥር ይያያዝለታል። ሊገኙ የሚችሉት መነሻ ቁጥሮች 16,777,216 ብቻ ናቸው። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት መሥመር ላይ ይህ በሰዓታት ውስጥ አልቆ ይደገማል። በተደገመ ጊዜም ሁለት መልእክቶች በአንድ ዓይነት ሽፋን ተሸፍነዋልና አንዱ ሌላውን ይገልጠዋል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ሊቃውንት፣ በቂ ፓኬት ያዳመጠ ሰው ዋናውን ቁልፍ ራሱን ሊያወጣ እንደሚችል አሳዩ። ስለዚህ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. የተሻሉ መከላከያዎች ተተኩ። ከእነዚህ ሁለተኛው ዘለግ ላለ ጊዜ ጸንቶ ቆየ፤ በ2017 ዓ.ም. ማቲ ቫንሁፍ ድክመት ያገኘበት በምሥጢር ፊደሉ ሳይሆን ሁለቱ መሣሪያዎች ሲተዋወቁ በሚለዋወጡት ሰላምታ ላይ ነበር። የሰላምታው አንድ ክፍል ደግሞ ሲላክለት መሣሪያው የተጠቀመበትን ቁልፍ እንደ አዲስ ይቀበል ነበር።

ወደ ሁለተኛው የማስከሊን ድክመት፣ ማለትም የላከውን ለይቶ ወደ አለማወቅ፣ እንመለስ። ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው የሞባይል ስልክ አሠራር በ1991 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ጣቢያው ስልኩን ማን ነህ ብሎ ይጠይቃል፤ ስልኩ ግን ጣቢያውን አይጠይቅም። ስለዚህ የሐሰት ጣቢያ ያቆመ ሰው በአቅራቢያው ያሉትን ስልኮች ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል። ሮያል ኢንስቲቲዩሽን ውስጥ የነበረው መሣሪያ ከቅርብ የመጣለትን ጠንካራ ምልክት እንደ ተቀበለ፣ ስልኩም ቅርብና ኃይለኛ የመሰለውን ይከተላል። ሦስተኛው ትውልድ ይህን አርሞ ሁለቱም እንዲተዋወቁ አደረገ። ነገር ግን ብዙ ስልኮች አዲሱ ሞገድ ሲታጣ ወደ አሮጌው አሠራር ስለሚመለሱ፣ አጥቂው አዲሱን ሞገድ በጩኸት አፍኖ ስልኩን ወደ ሁለተኛው ትውልድ ሊገፋው ይችላል። ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ባለቤቱ ሁለተኛውን ትውልድ ራሱ የሚዘጋበት ምርጫ ተጨምሯል።