ዝናቡ ጊዜውን ሲለውጥ፡ የሻኪሶ አካባቢ አርሶ አደሮችና የአየር ንብረት ለውጥ

በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ዞን የምትገኘው ሻኪሶ በለገደምቢ ወርቅና በቡናዋ ትታወቃለች። በአካባቢው በአነስተኛ ማሳ የሚተዳደረው አርሶ አደር ግን ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆነውን በቆሎ፣ ጤፍና ቦሎቄ የሚያመርተው ዝናብ ጠብቆ ነው።

የአገሪቱ አብዛኛው ክፍል ዋነኛ ዝናቡን የሚያገኘው በክረምት ሲሆን፣ በደቡብ ቆላማ አካባቢዎች ዋናው የዝናብ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው በልግ ነው። ሁለተኛው ዝናብ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል። የቦረና ኦሮሞዎች የመጀመሪያውን ገና፣ ሁለተኛውን ሀገያ ይሉታል። ከሻኪሶ ወደ ነገሌ ቦረና ሲወረድ ሁለቱም ዝናቦች እየሳሱ ይሄዳሉ።

በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ አርሶ አደሮች ሙቀቱ እየጨመረ፣ ዝናቡ እያነሰ መምጣቱን ይናገራሉ። ሙቀትን በሚመለከት የሜትሮሎጂ መረጃ ይደግፋቸዋል፤ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 በ1 ነጥብ 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። የዓመቱ ጠቅላላ የዝናብ መጠን ግን በብዙ ጣቢያዎች ግልጽ የመቀነስ አዝማሚያ አያሳይም። ልዩነቱ የሚመነጨው ከመለኪያው ነው። ጣቢያው የወረደውን ውኃ ሲመዘግብ፣ አርሶ አደሩ ዝናቡ መቼ እንደገባ፣ በመካከሉ ስንት ቀን እንደተቋረጠና በቆሎው ሳያፈራ መውጣት አለመውጣቱን ያያል። በጥቂት ቀናት የወረደ ዶፍ የወቅቱን ድምር ቢሞላም ሰብሉን ለፍሬ አያበቃም።

የዝናቡ መዛባት በቀጥታ ቤተሰቡን ይጎዳል። የመጀመሪያውን ዝናብ አምኖ የዘራ አርሶ አደር ቡቃያው ከደረቀበት፣ ዳግም ለመዝራት ለቀለብ ያስቀመጠውን እህል ያወጣል ወይም ተበድሮ ዘር ይገዛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ሰብል ጠፍቷል፣ በርካታ የቤት እንስሳትም አልቀዋል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከኤልኒኖ ጋር የተያያዘ ከባድ ዝናብ ጎርፍ አስከትሏል።

አርሶ አደሮች ለውጡን ለመቋቋም ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች መካከል የዘር ጊዜን ማሸጋሸግ፣ በቆሎን ከቦሎቄ ጋር አሰባጥሮ መዝራት፣ እርከን መሥራት፣ ዛፍ መትከልና መስኖ ይገኙበታል። እርጥበት አጠር ለሆኑ አካባቢዎች የወጣው ‹‹መልካሳ 1›› የበቆሎ ዝርያ በ90 ቀናት ገደማ ስለሚደርስ አጭር ዝናብ ሊበቃው ይችላል። በዞኑ ደጋማ ወረዳዎች የሚለማው እንሰት ደግሞ ለዓመታት በጓሮ ቆይቶ በችግር ወቅት ቤተሰብን ይታደጋል።

ተመስገን ደረሳና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የናይል ተፋሰስ በ1 ሺህ አርሶ አደሮች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት፣ ዋነኞቹ እንቅፋቶች የመረጃና የገንዘብ እጥረት መሆናቸውን አመልክቷል። ይህ ለሻኪሶ አካባቢም ትምህርት አለው። በአገር አቀፉ አከፋፈል ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ‹‹በጋ›› ቢባልም በዚህ አካባቢ ከፊሉ የዝናብ ወቅት ነው። በመሆኑም የዝናቡን መግቢያና መውጫ ለይቶ የሚገልጽ አካባቢያዊ ትንበያ፣ ቶሎ ከሚደርስ ዘርና ከብድር ጋር ከዘር ወቅት አስቀድሞ ሊደርስ ይገባል።